መዐሕድ፣ መኢአድ እና የምክር ቤት ወንበር፦ በሰሜን ሸዋ ልጆች መካከል የተነሣ ክርክር

የውይይት ክሩን የከፈተው የደብረ ብርሃን ነዋሪ መሆኑን የገለጸ ሰው ነው፤ ጽሑፉ በጥያቄ ምልክት ቢያልቅም በይዘቱ ክስ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ መሪነት የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት (መዐሕድ) ተብሎ የተመሠረተው፣ በኋላም ስሙን ለውጦ የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት (መኢአድ) የተባለው ፓርቲ፣ ከዚያ ወዲህ በተካሄዱት ስድስት አገር አቀፍ ምርጫዎች በራሱ ስም ተወዳድሮ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያስገባው አንድ ሰው ብቻ ነው ይላል። ዝርዝሩንም በየምርጫው ዘመን አስቀምጦታል፤ በ1987 አልተወዳደረም፣ በ1992 አንድ ወንበር አገኘ፣ በ1997 ከሌሎች ሦስት ድርጅቶች ጋር ተባብሮ በቅንጅት ስም ቀረበ፣ በ2002፣ በ2007 እና በ2013 ባዶ እጁን ተመለሰ። 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት አንዲት ወንበር ያገኘን ፓርቲ፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከመርሐቤቴ እስከ ቀወት ያለው ሰው ዛሬም ትልቅ ፓርቲ ብሎ የሚጠራው በምን ሒሳብ ነው? ይህን ብሎ መድረኩን ለሌሎች ለቀቀ።

ቁጥር 1 ላይ የመለሰው ሰው በጣም ጨዋ ነው። ጠያቂውን ስለ ዝርዝሩ አመስግኖ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር በማለት ድርጅቱ ሲመሠረት የምርጫ ፓርቲ ሆኖ እንዳልተነሣ ያስታውሳል። ፕሮፌሰር አሥራት የቀዶ ሕክምና ሊቅና የሕክምና ፋኩልቲ ዲን የነበሩ ሰው እንጂ የፖለቲካ ሥራ ልምድ የነበራቸው አልነበሩም፤ በ1983ቱ የሰላምና የሽግግር ጉባኤ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ወክለው ተገኝተው ተቃውሟቸውን ካሰሙ በኋላ ነው ድርጅቱ የተወለደው። ስለዚህ በእርሱ አስተያየት መዐሕድ የተነሣው ድምፁን ሊያሰማ ነው፤ ወንበር መቁጠር በኋላ የመጣ ነገር ነው። ቁጥር 2 ይህንኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ደግፎ ዐለፈ።

ክርክሩን መልክ ያስያዘው ቁጥር 3 ነው። ጸሐፊው መሐል ሜዳ ላይ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሲሆን፣ ጠያቂው ያልተወዳደረን እና የተሸነፈን በአንድ ረድፍ አሰልፎ መቁጠሩን በጠንካራ ቃል ተቃወመ። የ1987ቱ ምርጫ ሲካሄድ መዐሕድን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አግልለው ነበር፤ የመዐሕድ ሊቀ መንበርም እስር ቤት ነበሩ። ከተፈረዱባቸው ቅጣቶች አንዱ እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ ሕዝባዊ ስብሰባ ካሰሙት ንግግር ጋር የተያያዘ መሆኑን የከተማው ሰው እንዴት ይረሳዋል ብሎ ጠያቂውን ሸንቆጥ ያደርገዋል። ፕሮፌሰሩ ለሕክምና እንዲወጡ የተፈቀደላቸው በ1991 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ግንቦት 6 ቀን አሜሪካን አገር ዐረፉ። ከዓመት በኋላ በግንቦት 1992 ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ምርጫ ሲቀርብ መሥራቹን የቀበረ፣ ከምሥረታው ጀምሮ አብዛኛውን ዘመኑን መሪው እስር ቤት ሆኖ ያሳለፈ ድርጅት ነበር። መምህሩ እንደሚለው ያችን አንዲት ወንበር መመዘን የሚገባው ይህን ሁሉ ከጎኗ አስቀምጦ ነው።

እኔ እንደማየው መምህሩ ትክክል ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ሸፍኖ ዐልፏል። ከመዐሕድ የወጡ ወጣቶች ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ (ኢዴፓ) በዚያው በ1992 ምርጫ ሁለት ወንበር አግኝቷል። አባት ድርጅቱ አንድ፣ ገና ያልጠናው ልጁ ሁለት ማግኘቱን በእስርና በሐዘን ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል። ይህን ነጥብ ቁጥር 5 ላይ አንድ ሰው በጨረፍታ አንሥቶት ማንም ሳይከተለው ቀርቷል።

የቀረውም ቁጥር 4 ላይ ሌላ ትልቅ ጨዋታ ስለ ተከፈተ ነው። የአንኮበር ተወላጅ የሆኑ፣ ሁሉም ጋሼ እያለ አንቱ የሚላቸው አዛውንት፣ የምርጫ ታሪክ ከ1987 የሚጀምር የሚመስላቸውን ልጆች ገሠጹ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዳልተመረጡ፣ በቀጥታ መምረጥ የተጀመረው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ መሆኑን፣ ተመራጩም በሚወዳደርበት አውራጃ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠየቅ እንደ ነበር አስረዱ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው የሚመርጠው ሰውን ነው። ቤቱን፣ አባቱን፣ ዳኝነት ላይ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚናገር ያውቃል። ቀጥለውም በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ሰው ሲመረጥ ዕጩዎቹ የቀረቡት በዘመኑ በነበረው ብቸኛ ፓርቲ ቁጥጥር ስር እንደ ነበር አነሡና፣ የሸዋ ሰው በፓርቲ ስም ድምፅ መስጠትን የተማረው በስተርጅና ነው በማለት ደመደሙ።

ቁጥር 6 ለዚህ የሰጠው መልስ ጨካኝ ነበር። ስለ መኢአድ ነው የተጠየቀው፣ የጃንሆይ ዘመን ከዚህ ምን አገባው አለ። ቁጥር 7 እና 8 ደግሞ ጉዳዩን ትተው ታላቅን ስለ ማክበር አስተማሩት። አዛውንቱ ራሳቸው ቁጥር 9 ላይ ተመልሰው፣ ልጁ የጠየቀው ደግ ነገር ነው፣ መልሱም ይኸው ብለው ነገሩን አገናኙት፦ በሰሜን ሸዋ ለመዐሕድ የነበረው ፍቅር በአብዛኛው ለፕሮፌሰር አሥራት የነበረ ፍቅር ነው፤ ሰውየው ሲያርፉ ፍቅሩ በስማቸው ላይ ቀረ እንጂ ወደ ዕጩዎቹ አልተላለፈም። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ይህን የሚያህል ብስለት ያለው አስተያየት የለም፤ በስድብ መሐል ተቀብሮ መቅረቱ ያሳዝናል።

ቁጥር 10 በ1997 በአንድ ቆላማ ወረዳ የቅንጅት ታዛቢ የነበረ ሰው ምስክርነት ነው፤ ሌሎቹ ስለ ምርጫው ሲያወሩ እርሱ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ አስገብቶ ያሳያል። ግንቦት 7 ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወጥቶ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ለእያንዳንዱ መራጭ ሁለት ወረቀት ይሰጠዋል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። ብዙ አሮጊቶች አንዱን ብቻ አጥፈው ኮሮጆ ውስጥ ከትተው ሌላውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ይመለሱ ነበር። ሲመሽ ቆጠራው በፋኖስ ተጀመረ። የጣቢያው ኃላፊ እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ ለታዛቢዎቹ እያሳየ፣ ንብ፣ ሁለት ጣት፣ ንብ፣ ሁለት ጣት እያለ ይጠራል፤ ንብ የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የቅንጅት ምልክት ነው። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ የአውራ ጣት አሻራ ያረፈባት አንዲት ወረቀት ወጣች፤ አሻራው የሁለቱን ጣቶች ምልክት ሸፍኖ ጠርዙ ግን መስመሩን ተሻግሮ የንቧን ሳጥን ነክቷል። የኢሕአዴግ ታዛቢ የተበላሸ ድምፅ ነው አለ፤ እርሱ መሐሉ ያረፈበት ይቆጠር አለ። ወረቀቷ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ፋኖሱ ላይ ስትታይ፣ አንዱም ሌላውም አሻራውን በጣቱ እየለካ ሲከራከር ብዙ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ለብቻዋ ተቀመጠች፤ ውጤቱን የምትለውጥ አልነበረችም።

የታዛቢው ነጥብ ግን ከዚህ ይልቃል። ቀኑን ሙሉ ሰዉ በሰልፉ ላይ ሲያወራ እርሱ የሰማው ስለ ሁለት ጣት ብቻ ነው። የዚያ ምርጫ ክልል ዕጩ ቅንጅትን ከፈጠሩት አራት ድርጅቶች ከመኢአድ የመጣ ይሁን ከኢዴፓ-መድኅን፣ ከቀስተ ደመና ይሁን ከኢዲሊ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እርሱም ራሱ ያወቀው ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ በጣም ጥሩ ሆነ። ቁጥር 11 ላይ አንድ ሰው ቅንጅት ካገኛቸው 109 ወንበሮች አብላጫው የመኢአድ ነው፣ ምክንያቱም በገጠር መዋቅር የነበረው እርሱ ብቻ ነው፣ የቅንጅቱም ሊቀ መንበር የእርሱ መሪ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ነበሩ፤ ስለዚህ የጠያቂው ዝርዝር አንድ ሳይሆን በብዙ ዐሥር የሚቆጠር መሆን አለበት አለ። ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና ሥራ የተሰማራ ሰው ቁጥር 12 ላይ የሰጠው መልስ ቀዝቃዛና ስለታም ነው። አራቱ ድርጅቶች በአንድ ምርጫ ክልል አንድ ዕጩ፣ በአንድ ምልክት ሊያቀርቡ ተስማምተው ነው የቀረቡት። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ለዚያ ስምምነት ነው። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ይህ የእኔ፣ ያ የአንተ እያሉ መከፋፈል፣ ሽርክና ነግዶ ትርፉን ለብቻ እንደ መጻፍ ነው አለ። ለቁጥር 11 ያቀረበው ጥያቄም አጭር ነበር፦ መኢአድ ለብቻው ቢቀርብ ኖሮ፣ ከጎኑ ኢዴፓ-መድኅን ሌላ ዕጩ ቢያቆም ኖሮ፣ ከ109ኙ ስንቱ ይቀር ነበር?

በዚህ ላይ ለመመለስ የሞከረው ቁጥር 14 ሒሳብ የሚወድ ሰው መሆን አለበት። የአገራችን ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው አንድ ሰው ወንበሩን የሚወስድበት ነው፤ ግማሽ መድረስ አይጠበቅበትም። ለምሳሌ ብሎ ባቀረበው ስሌት፣ ሦስት ዕጩዎች ከመቶ 40፣ 35 እና 25 ቢያገኙ አርባው ያሸንፋል፣ ስድሳው ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አይኖረውም። ከዚያ ወደ እውነተኛው መዝገብ ተሻገረ። የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በ1997 ቅንጅት ጠቅልሎ ወሰዳቸው፤ በ2002 ከነዚያው ከ23ቱ 22ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ፣ ለተቃዋሚው የቀረችው መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ዕጩ የአቶ ግርማ ሰይፉ አንዲት ወንበር ነች። የከተማው ሰው አሳብ በአምስት ዓመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገላብጦ ነው ማለት አይቻልም፤ ድምፁ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ ወንበሩ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ዜሮ ወንበር ማለት ዜሮ ድምፅ ማለት አይደለም፣ የጠያቂውም ዝርዝር ፓርቲው ምን ያህል ሰው እንደ ነበረው አይነግረንም።

ይህ ውኃ የሚያነሣ ክርክር ነው። ነገር ግን ጠያቂው ቁጥር 15 ላይ ሲመለስ ያነሣው ጥያቄም የዋዛ አልነበረም። ሕጉ እንዲህ መሆኑን የምታውቁ ከሆነ፣ በትብብር ስትገቡ ምን እንደሚገኝም በ1997 ካያችሁ፣ በ2002 ለብቻ መቅረብን ምን አመጣው? በዚያ ዓመት ሌሎች ተቃዋሚዎች መድረክን ፈጥረው በአንድነት ሲቀርቡ መኢአድ ውጭ ቀረ። ውጤቱም ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46፣ መድረክ 1፣ የግል ተወዳዳሪ 1፣ መኢአድ ምንም።

ከቁጥር 16 ጀምሮ ጨዋነቱ አለቀ። አንዱ የ2002ቱን የምርጫ ሥነ ምግባር ደንብ አነሣ፤ መድረክ አልፈርምም ሲል ኢሕአዴግ፣ መኢአድ፣ ኢዴፓ እና የቅንጅትን ስም የያዘው ቡድን ፈርመው ነበር። ለዚህ ሰው ያ ፊርማ ክህደት ነው፤ በ1998 ጥቅምት ታስረው በ1999 ሐምሌ የተፈቱት የመኢአድ መሪ ኢንጂነር ኃይሉ ካሰሯቸው ሰዎች ጋር እንዴት አብረው ይፈርማሉ አለ። ሌላው በዚያው ቁጣ መለሰለት፦ የታሰሩት እርሳቸው እንጂ አንተ አይደለህም፣ እስሩን የቀመሰ ሰው ሌላ ደም ሳይፈስስ ምርጫ ይካሄድ ማለቱ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም፣ ውጤቱ ሲወጣም ፓርቲው አልቀበልም ብሎ እንደገና ይካሄድ ማለቱን ለምን ትሸፍናለህ አለው። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። መሐል ገብቶ ያረጋጋቸው መምህሩ ነው፤ ደንቡን መፈረምና ለብቻ መወዳደር ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን፣ የወንበሩን ነገር የወሰነው ግን ሁለተኛው እንደ ሆነ በትሕትና አሳሰባቸው። ፊርማው ለስሜት፣ መለያየቱ ለቆጠራ ነው ማለቱ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ።

ቁጥር 20 ላይ የእነዋሪ ሰው ገብቶ፣ በአምስት ዓመት አንዴ ብቅ የሚል ፓርቲ ለበዓል ብቻ ከጋጡ እንደሚወጣ የጅሩ ሰንጋ ነው በማለት ቀለደ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፣ ዳፋው ግን የክርክሩን አቅጣጫ አሳተው፤ የሚቀጥሉት ሦስት መልሶች ስለ ሰንጋ ዋጋና ስለ አመጋገቡ ናቸው፣ አንዱ እንዲያውም የስልክ ቁጥር ካልሰጣችሁኝ ብሎ ተማፅኗል።

ወደ ጉዳዩ የመለሰችን ከሸዋ ሮቢት የምትጽፍ እኅት ናት። ቁጥር 24 ላይ የ2007ቱን ምርጫ ዋዜማ አነሣች። ፓርቲው ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ወገን አቶ ማሙሸት አማረን፣ ሌላው አቶ አበባው መሐሪን ሊቀ መንበር ይላል፤ ምርጫ ቦርድ በጥር ወር ለአቶ አበባው ወገን እውቅና ሰጠ። አንድነት የተባለው ሌላ ተቃዋሚ ፓርቲም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። እርሷ ያየችው ግን ከአዲስ አበባው ጭቅጭቅ በታች ያለውን ነው፦ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሁለቱም ወገን ሰዎች ታዛቢ ሁነን ብለው የአጎቷን ቤት አንኳኩ፣ ሁለቱም የያዙት ወረቀት ላይ ያለው የፓርቲ ስም አንድ ነው፣ አጎቷም ቡና አጠጥተው ሁለቱንም በሰላም ከሸኙ በኋላ በምርጫው ቀን ማሳቸው ላይ ዋሉ። ግንቦት 16 ቀን 547ቱም ወንበር ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሲሆን ከአካባቢው ሰው የደነገጠ አላየሁም ትላለች። ታዛቢ አጥቶ ምርጫ የገባ ፓርቲ ድምፄን ተዘረፍኩ ቢል እንኳ የሚያስረዳበት ሰነድ የለውም የሚለው አስተያየቷ፣ ቁጥር 10 ላይ ፋኖስ ስር ስለ አንዲት ወረቀት ከተከራከረው ሰው ምስክርነት ጋር ሲነበብ ክብደቱ ይታያል።

ስለ 2013 የተባለው ብዙ አይደለም፤ የተባለው ግን ያማል። ቁጥር 26 ላይ አንድ ወጣት፣ ሰኔ 14 በተካሄደው ምርጫ ይፋ በሆነው የመጀመሪያ ውጤት ገዥው ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 ማግኘታቸውን ዘረዘረ። እንግዲህ ትንሽ ፓርቲ ማሸነፍ አይችልም የሚለው ሰበብ በዚህ ፈረሰ ይላል። ይልቁንም በ2010 የተቋቋመው አብን በአማራ ክልል አምስት ወንበር ያገኘው መዐሕድ በ1984 ይዞት ተነሥቶ፣ ስሙን ሲለውጥ ጥሎት በሄደው ሜዳ ላይ ነው። መኢአድ የአማራን ስም ሲተው አገሩን ሁሉ አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ አገሩንም አላገኘ፣ ቤቱንም ሌላ ገባበት አለ።

አዛውንቱ ይህን ሲያነቡ የተቆጡ ይመስላል። የስም ለውጡን በደገፉ ጊዜ ያሰቡት ስለ ወንበር እንዳልነበረ፣ በሸዋ ምድር ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ይዞ መውጣት ከማንም ፈቃድ የማይጠየቅበት ነገር እንደ ሆነ ጻፉ። ደግሞም ስሙ ከተለወጠ በኋላ አይደለም ወይ በ1997 ሕዝብ ጎርፎ የወጣው? ወጣቱ በዚህኛው መልሱ አንቱታውን ሳይለቅ፣ ጋሼ የወጣው ለሁለት ጣት ነው እንጂ ለመኢአድ አይደለም፣ ታዛቢው ነግሮናል እኮ አላቸው። አዛውንቱ ከዚያ በኋላ አልጻፉም። ለወጣቱ ብዙዎች ድጋፋቸውን ሰጥተውታል፤ እኔ ግን መልሱ ለግማሹ ብቻ ይመስለኛል። ቅንጅትን ከተባበሩት አራቱ መካከል በአማራ ገጠር የቆየ ሥር የነበረው መኢአድ ነው፤ ያ ሥር የበቀለው ደግሞ በመዐሕድነቱ ዘመን ነው። ምልክቱ ሁለት ጣት ቢሆንም ያን ምልክት ወደ ገበሬው ደጅ ያደረሰ ሰው መኖር አለበት።

ጠበቃው ቁጥር 29 ላይ ነገሩን ከትዝታ አውጥቶ ወደ ሕግ መለሰው። በምርጫ አዋጁ፣ በ1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጉታል፤ ፓርቲዎችም በውህደት፣ በግንባር ወይም በቅንጅት አብረው መሥራት ይችላሉ። ውህደት የቀድሞዎቹን አጥፍቶ አንድ አዲስ ፓርቲ ያቆማል፤ ቅንጅት ግን ለምርጫ ተብሎ የሚደረግ ስምምነት ስለ ሆነ እያንዳንዱ ሰውነቱን ይዞ ይቆያል። በ1997 የሆነው ጣጣ፣ ለምርጫ የተቀናጁት ድርጅቶች ከምርጫው በኋላ ወደ ውህደት ሊሸጋገሩ ሲሉ መፋረሳቸው ነው። ከእንግዲህ ለመቀናጀት የሚያስብ ማንኛውም ትንሽ ፓርቲ ዕጩ ከመደልደሉ በፊት፣ ያሸነፈው ሰው ምክር ቤት ሲገባ የማን አባል ተብሎ እንደሚመዘገብ በጽሑፍ ይዋዋል የሚል ምክር ሰጠ። በአንድ ምርጫ ክልል አንድ ዕጩ የሚለውን ስምምነት ሁሉም ደስ ብሎት ይፈርመዋል፤ ሁለተኛውን የሚፈርም ሲገኝ ነው ትብብር ተፈጠረ የሚባለው አለ።

መምህሩ ይህን ተከትሎ ሥራ አከፋፈለ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ አገር አቀፍ ቁጥር ነው፤ ሰሜን ሸዋን የሚመለከተውን እኛው እንሥራው በማለት፣ በ1997 በዞኑ ለተወካዮች ምክር ቤት ያሸነፉ የቅንጅት ዕጩዎች እነማን እንደ ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ከአራቱ ድርጅቶች ከየትኛው እንደ መጡ በየወረዳው ያለ ሰው እንዲያጣራ ጠየቀ። ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲና ከመኮይ ፈቃደኞች ተገኙ። ጠያቂውም ሐሳቡን ተቀበለና አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረበ፤ ቅንጅት ምክር ቤት አንገባም ብሎ ሲወስን ወንበራቸውን ሳይረከቡ የቀሩት አይቆጠሩም፣ ምክንያቱም ጥያቄው ስለ ምክር ቤት ወንበር ነው። ታዛቢው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የቆጠርኩት ድምፅ ሰውየው ስላልገባ አልተሰጠም ሊባል ነው ወይ ብሎ ተነሣ። ጠበቃው መመረጥና መግባት በሕግም የተለያዩ ናቸው አለ፣ መምህሩ ሁለት ዓምድ እናዘጋጅ አለ፣ ጠያቂው ሁለት ዓምድ ማለት መሸሽ ነው አለ፤ ከቁጥር 34 በኋላ ያሉት መልሶች በሙሉ በዚህ ላይ ናቸው።